የፈነዳ የነዳጅ ጉድጓድ እንዴት ይዘጋል? ክዳን ከመፈለጋችሁ በፊት ክብደት ፈልጉ

ጎንደር ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ የለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ አንዱ ተነሥቶ «አዘዞ ላይ ነዳጅ ተገኘ እንዴ?» እንዳይለኝ። እዚህ የሚቆፈረው ውኃ ነው፣ የእኔም እንጀራ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው። ነገር ግን ጂኦሎጂ የሚማሩ ልጆች ፒያሳ ቡና ላይ ባገኙኝ ቁጥር አንድ ጥያቄ አያልቅባቸውም፦ «ጋሼ፣ ጉድጓዱ ነዳጅ እየተፋ ከሆነ ለምን ዝም ብለው ክዳን አይገጥሙበትም?» ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ አይደለም። በሙያው ያረጁ መሐንዲሶችም ሌሊቱን ሙሉ ተከራክረውበታል። ደግሞ ኦጋዴን ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ ከ1973 ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው፣ ነገ ከእነዚህ ልጆች አንዱ እዚያ ሪግ (የቁፋሮ ማሽኑ መድረክ) ላይ ይቆም ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ ልጻፈው። ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ። ይህን አንብቦ ማንም ብቻውን ጉድጓድ አይዘጋም። የምጽፈው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ምን ከምን እንደሚቀድም፣ ለምንስ እንደሚቀድም።

መጀመሪያ የክዳኑን ነገር እንጨርስ

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ግማሹ ግቢ በብረት ቆጥ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አለው። ከሮቶው የሚወርደውን ጎማ ያዙና መሀሉን በመርፌ ውጉት። ጫፉ ክፍት ሆኖ ውኃው እየፈሰሰ ሳለ ከመርፌው ቀዳዳ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። አሁን ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ድፈኑት። ቀዳዳው ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ጫፉን ዘጋችሁ እንጂ ግፊቱን የትም አልወሰዳችሁትም፣ ሄዶ ደካማውን ቦታ አገኘ።

የነዳጅ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። ጉድጓዱ ባዶ ቀዳዳ አይደለም። በውስጡ ኬሲንግ የምንለው የብረት ቱቦ አለ፣ ትልቁ ውስጥ ትንሹ፣ ትንሹ ውስጥ ሌላ ትንሽ እየገባ ይወርዳል። በቱቦውና በድንጋዩ መካከል ሲሚንቶ ይሞላል። ጉድጓዱ ተጎድቷል ማለት ከእነዚህ አንዱ ተሰንጥቋል፣ ዝጎ ተበስቷል፣ ወይም ሲሚንቶው አልያዘም ማለት ነው። አናቱን ጥርቅም ስታደርጉት ነዳጁ በስንጥቁ ወጥቶ ድንጋዩን ይሰብርና ከጉድጓዱ ርቆ ከመሬት ሊፈልቅ ይችላል። ያኔ የሚዘጋ ቀዳዳ የለም፣ መሬቱ ራሱ ነው የሚያፈሰው። ለዚህ ነው ክዳን ከመፈለግ በፊት ብዙ ሥራ ያለው።

ደረጃ 1፦ ሰው አሽሹ፣ ነፋሱን እዩ

ከነዳጁ ጋር ጋዝ ይወጣል። ከጋዞቹ ክፉው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። መጀመሪያ የገማ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲጨምር ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው የጠፋ ይመስላችኋል። ሽታው ጠፋ ብሎ የተመለሰ ሰው አይተርፍም። ከአየር ስለሚከብድ ሸለቆና ቦይ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ሽሽቱ ከነፋሱ አቅጣጫ ወደ ጎን፣ ከዚያም ወደ ከፍታ ነው። በታኅሣሥ 2003 ቻይና ቾንግቺንግ ውስጥ አንድ የጋዝ ጉድጓድ በሌሊት ፈነዳ። ከ230 በላይ ሰው ሞተ፣ አብዛኛው በአካባቢው መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። ጋዙ በእሳት የተለኮሰው በማግስቱ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ መርዛማ ጋዝ የሚተፋን ጉድጓድ ሆን ብሎ መለኮስ አንዳንዴ ትክክለኛው ውሳኔ ነው፣ ጋዙ ሲቃጠል ያን ያህል አይገድልምና።

መርዝ ከሌለ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሞተር ይጠፋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ብረት ከብረት አይጋጭም። መዶሻው ሳይቀር የነሐስ ነው፣ እሳት እንዳይረጭ።

ደረጃ 2፦ የፈሰሰውን ያዙ

ጉድጓዱን መዝጋት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ እስከዚያ የፈሰሰው ወንዝ መግባት የለበትም። የብስ ላይ ከሆነ ከታች በኩል ቦይ ቁፈሩ፣ አፈሩን ግድብ አድርጉት። ነገር ግን ወራጅ ውኃ ካለ ዝም ብሎ ግድብ አይሆንም፣ ሞልቶ ይሻገራል። ዘዴው ይህ ነው፦ ግድቡን ስትሠሩ ከሥሩ ቱቦ ቅበሩ፣ የቱቦው መግቢያ ዝቅ፣ በታችኛው በኩል ያለው መውጫው ከፍ ብሎ ይሁን። ነዳጅ ይንሳፈፋል፣ ውኃው ከሥር በቱቦው ያልፋል፣ ነዳጁ ላይ ቀርቶ ይቀዳል። ይህን ዘዴ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ቢገለበጥም ትጠቀሙበታላችሁ። የእኛ አንገረብ የመጠጥ ውኃችን የሚጠራቀምበት ነው፣ ከዚያ መገጭ፣ ከመገጭ ጣና። አንድ ቦቴ ጅረት ውስጥ ገብቶ ማየት የሚፈልግ የለም።

ባሕር ሥር ከሆነ ግን መያዙም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በ2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው ሪግ ሚያዝያ 20 ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሲሞቱ፣ ጉድጓዱ 1,500 ሜትር ውኃ ሥር ነበር። መቶ ቶን የሚጠጋ የብረት ሣጥን አወረዱበት፣ ነዳጁን ከላይ ሸፍኖ በቱቦ እንዲያወጣ። እዚያ ታች ቅዝቃዜውና ግፊቱ ጋዙንና ውኃውን አንድ ላይ አጋግሮ በረዶ መሳይ ነገር ሠራና የሣጥኑን አናት ደፈነው። በቃ፣ ከሸፈ።

ደረጃ 3፦ በየት እንደሚፈስ ለዩ

ሦስት ነገር ነው የምትለዩት። በመሀሉ ቱቦ ውስጥ ነው? በሁለት ኬሲንግ መካከል ነው? ወይስ ከውጭኛው ኬሲንግ ውጪ፣ በአፈሩ በኩል? የመጀመሪያው ከሁሉ ይቀላል፣ ሦስተኛው ክፉ ነው። በየቱቦው አናት ላይ ያለውን የግፊት ጌጅ አንብቡ፣ ጻፉት፣ ከሰዓት በኋላ ደግማችሁ አንብቡ። የቁፋሮ መዝገቡን አውጡ፦ ኬሲንጉ የት ድረስ ወረደ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ገባ፣ ቁፋሮው ላይ ጭቃ (ጉድጓዱን የሚሞላው ከባድ ፈሳሽ፣ ደረጃ 5 ላይ እመጣበታለሁ) የጠፋበት ጥልቀት የት ነበር። መዝገብ በደንብ ያልያዘ ቆፋሪ እዚህ ላይ ሰው ያስረግማል። የውኃ ጉድጓድ ላይም ያው ነው፣ ወረቀቱ ከሌለ የሚቀረው ግምት ነው።

ቁፋሮ ላይ ያለ ጉድጓድ ከሆነ አናቱ ላይ ቢኦፒ የሚባል ግዙፍ የቫልቭ ክምር ይኖራል። ከላይ ቱቦውን ዙሪያውን የሚያቅፍ ጎማ፣ ከሥሩ ቱቦ የሚይዙ መንጋጋዎች፣ በመጨረሻም ቱቦውን ቆርጦ የሚዘጋ ምላጭ አለው። እሱን መሞከር ቀዳሚው ነው። ብቻ ተስፋችሁን ሁሉ አትጣሉበት። በ2010ሩ አደጋ ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ጎብጦ ከመሀል ወጥቶ ስለነበር ምላጩ በደንብ ቆርጦ ሊዘጋው አልቻለም።

ደረጃ 4፦ እሳት ካለ

እሳት ያለበት ጉድጓድ የሚያስደነግጠው በነበልባሉ ነው፣ ለባለሙያው ግን ዋናው ችግር ፍሰቱ ነው። እሳቱ ጠፍቶ ፍሰቱ ከቀጠለ አካባቢው ሁሉ ጋዝ ይሆናል፣ አንድ የጋለ ብረት መልሶ ይለኩሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ፍርስራሹን በረጅም ክንድ ባለው ማሽን ጎትታችሁ አውጡ፣ ከዚያ ነው ማጥፋት።

ኩዌት የዚህ ትምህርት ቤት ናት። በ1991 የኢራቅ ጦር ሲወጣ ከ600 በላይ ጉድጓዶች ተለኮሱ። ዓመታት ይወስዳል የተባለው ሥራ በዚያው ዓመት ኅዳር 6 ቀን አለቀ። ውኃ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ድፍድፍ ወደ ባሕር ያወርዱ የነበሩትን ቱቦዎች ገልብጠው የባሕር ውኃ ወደ ጉድጓዶቹ አመጡባቸው። ብዙው እሳት በውኃ ብቻ ጠፋ። አንዳንዱ ላይ ፈንጂ አፈነዱበት፣ ፍንዳታው አየሩን ከእሳቱ ይነጥቀዋል። ሀንጋሪዎቹ ደግሞ ጉደኞች ናቸው፣ የሚግ-21 ሁለት ሞተር በአሮጌ ቲ-34 ታንክ ላይ ጭነው ከውኃ ጋር ነፉበት። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የተበላሸውን አናት አሸዋ በተቀላቀለበት ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ቆርጠው ጣሉ፣ ንጹሕ ጫፍ አገኙ፣ አዲስ ቫልቭ በክሬን አወረዱበት።

ስለ አቶሚክ ቦምብ የምትጠይቁኝ ደግሞ አላችሁ። እውነት ነው፣ ሶቪየቶች በ1966 ኡርታቡላክ ላይ፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በሚባለው አገር፣ ለሦስት ዓመት ያህል ሲነድ የኖረን የጋዝ ጉድጓድ 30 ኪሎ ቶን ኒውክሌር ከጎኑ ከመሬት በታች አፈንድተው ዘግተዋል። ድንጋዩን ጨምቆ ጉድጓዱን ዘጋው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ደረጃ የለውም፣ እለፉት።

ደረጃ 5፦ ሒሳቡን ሥሩ

የጽሑፉ እምብርት እዚህ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ጉድጓድን የሚያስቆመው በውስጡ የቆመው ፈሳሽ ክብደት ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ከሥሩ 1 ባር ያህል ይጫናል። ሮቶው 5 ሜትር ላይ ከተሰቀለ ቧንቧችሁ ጋ ግማሽ ባር አለ ማለት ነው። አሁን 3,000 ሜትር የሚጠልቅ የነዳጅ ጉድጓድ አስቡ። በንጹሕ ውኃ ቢሞላ ከታች 300 ባር ይጫናል። ነዳጁ ያለበት ድንጋይ ግን 400 ባር ቢኖረው ውኃው ተሸናፊ ነው፣ ተገፍቶ ይወጣል። 400ን ለ300 አካፍሉ፣ 1.33 ይመጣል። ሊትሩ 1.33 ኪሎ የሚመዝን ፈሳሽ ካስገባችሁ እኩል ለእኩል ቆሙ። ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሩበት፣ 1.4 አድርጉት፣ ያኔ ከታች 420 ባር ነው፣ ጉድጓዱ ዝም ይላል።

ይህን ክብደት የሚሰጠው የቁፋሮ ጭቃ ነው፦ ውኃ፣ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር፣ ከዚያም ባራይት የሚባል ከባድ ማዕድን ዱቄት። ባራይት ከውኃ ከአራት እጥፍ በላይ ይከብዳል። በዘይት የሚዘጋጅ ጭቃም አለ። ጎንደር ላይ ጥቁር ድንጋዩን በአየርና በሀመር ስለምንበረብር ብዙዎቻችሁ ጭቃ አላያችሁም ይሆናል፣ ደለል ባለበት ሜዳ የሠራ ግን ያውቀዋል።

«ታዲያ 2 ኪሎ አድርጌ ልገላገል» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። ጭቃው ሲበዛ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ይጠፋል፣ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው የጭቃ ከፍታ ይወርዳል፣ ከፍታው ሲወርድ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ነዳጁም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፦ የነዳጁ ግፊትና ድንጋዩ የሚሰነጠቅበት ግፊት። ሥራው በሁለቱ መካከል ነው፣ አንዳንዴ ክፍተቱ ጠባብ ነው።

ደረጃ 6፦ ከላይ ሞክሩ፣ ግን እወቁበት

ጭቃውን ከላይ በኃይለኛ ፓምፕ ወደ ታች መግፋት የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ጉድጓዱ የተዘጋ ወይም ፍሰቱ ደካማ ከሆነ ይሠራል። ፍሰቱ ኃይለኛ ከሆነ ግን ጭቃው ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ከነዳጁ ጋር በአናት ይወጣል። በ2010 ከግንቦት 26 ጀምሮ ለሦስት ቀን የተሞከረውና የከሸፈው ይህ ነው። ቀዳዳውን ያጥብልን ብለው የጎልፍ ኳስና የጎማ ቁርጥራጭ ሳይቀር ነፉበት። ወፍ የለም። ፍሰቱ ከገመቱት በጣም ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ጭቃ ከመግፋታችሁ በፊት በቀን ስንት በርሜል እንደሚወጣ ለኩ፣ ግምታችሁን አታሳንሱ። አነስ አድርጎ መገመት ዜና ላይ ያምራል፣ ፓምፑ ላይ ግን ያዋርዳል።

ደረጃ 7፦ አሁን ክዳን

ክዳኑ እዚህ ላይ ነው ተራው። ክዳን ስል ሳህን አይደለም፣ ብዙ ቫልቭ ያለው ክምር ነው። አገጣጠሙ እንዲህ ነው፦ የተበላሸው አናት ይፈታል ወይም ይቆረጣል፣ አዲሱ ክምር ቫልቮቹ ሁሉ ተከፍተው ይወርዳል፣ ነዳጁ በውስጡ እያለፈ ይታሰራል። ክፍት ሆኖ ባይወርድ ግፊቱ ራሱ አሽቀንጥሮ ይጥለው ነበር። ከታሰረ በኋላ ቫልቮቹ አንድ በአንድ፣ በዝግታ ይዘጋሉ፣ በእያንዳንዱ መሀል ጌጁ ይነበባል።

የሚጠበቀው ምንድን ነው? ግፊቱ እየወጣ ሄዶ ከፍ ያለ ቁጥር ላይ ከቆመ ጉድጓዱ አካሉ ጤነኛ ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ላይ ከቆመ ወይም ከወረደ ከታች የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ወዲያው መልሳችሁ ትከፍታላችሁ። ቆሻሻው ይቀጥላል፣ ግን መሬቱን ከመሰንጠቅ ይሻላል።

ሐምሌ 15 ቀን 2010 የሆነው ለእኛ ለውኃ ሰዎች ደስ ይላል። ክዳኑ ተዘጋ፣ ፍሰቱ ከ87 ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። ግፊቱ ግን ከተጠበቀው በታች ሆነ። ክፈቱ የሚሉና አትክፈቱ የሚሉ ተፋጠጡ። ፖል ሼ የሚባል የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ፣ የግፊቱ ግራፍ በሞባይል ፎቶ ተነሥቶ ተላከለት። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሞድፍሎው በተባለው፣ የከርሰ ምድር ውኃ ለማጥናት በተሠራው ፕሮግራም ሒሳቡን ሠራው። ግፊቱ ዝቅ ያለው ጉድጓዱ ስላፈሰሰ ሳይሆን ከታች ያለው ነዳጅ በሦስት ወር ውስጥ ስለተመናመነ ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ክዳኑ እንደተዘጋ ቀረ። ሞድፍሎው እዚሁ አገራችን የከርሰ ምድር ውኃ የሚያጠኑ ልጆች የሚማሩት ፕሮግራም ነው። «ውኃ ብቻ ነው የተማርኩት» የምትሉ፣ ሰማችሁ?

ደረጃ 8፦ ከጎን ቆፍሩ

ክዳን ታሰረ ማለት ጉድጓዱ ሞተ ማለት አይደለም። ግፊቱ እንዳለ አለ። አሁን ግን ፍሰት ስለሌለ ያ የከሸፈው የጭቃ ሥራ ይሳካል፦ በትንሽ በትንሹ፣ በዝግታ። በሜክሲኮው ጉድጓድ ነሐሴ 3 ተጀምሮ በማግስቱ ጉድጓዱ ጭቃውን ተሸከመ፣ ነሐሴ 5 ሲሚንቶ ተከተለ።

አስተማማኙ መንገድ ግን ሁለተኛ ጉድጓድ ነው፣ ከሩቅ ጀምሮ ተጣሞ ከተጎዳው ጉድጓድ ሥር የሚገናኝ። ከሥር ስለሚገባ ጭቃው ሙሉውን ከፍታ ይሞላል፣ ሙሉ ክብደቱን ይጭናል። ስለዚህ ከደረጃ 1 ጀምሮ ሌላው ሁሉ እየተሞከረ ሳለ ይህ ቁፋሮ መጀመር አለበት። ክዳኑ ይሳካ ይሆናል ብላችሁ ካዘገያችሁት ወራት ታባክናላችሁ።

እንዴት ያገኘዋል? የተጎዳው ጉድጓድ የብረት ኬሲንግ አለው። ከአዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደ ድንጋዩ ይላካል፣ ብረቱ ይቀበለዋል፣ በዙሪያው መግነጢስ ይፈጠራል፣ መሣሪያው አቅጣጫውንና ርቀቱን ይለካል። ትንሽ ቆፍሮ መለካት፣ እንደገና ትንሽ ቆፍሮ መለካት ነው። በ2009 አውስትራሊያ አጠገብ ሞንታራ በሚባል የባሕር ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ወርደው 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ቱቦ ያገኙት በአምስተኛው ሙከራ ነው። በሜክሲኮው ደግሞ መስከረም 16 ተገናኙ፣ ወደ 5,500 ሜትር ጥልቀት ላይ። ራስ ዳሸንን ከባሕር ወለል እስከ አናቱ ብትለኩት እንኳ እዚያ አይደርስም። ጉድጓዱ ሞቷል የተባለው መስከረም 19 ነው።

ደረጃ 9፦ ሲሚንቶውን ፈትኑ፣ ጌጁን እመኑ

ሲሚንቶ ገባ ማለት ያዘ ማለት አይደለም። እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ሦስት ፈተና ስጡት። በቁፋሮ ቱቦ ክብደት ጫኑበት፣ ሰምጦ እንደሆነ እዩ። ከላይ ግፊት ስጡት፣ ይወርድ እንደሆነ እዩ። ሦስተኛው ወሳኙ ነው፦ ከላይ ያለውን ክብደት ቀንሱለትና ከሥር የሚገፋው መጥቶ እንደሆነ ተመልከቱ።

የሜክሲኮው አደጋ የመጣው በዚህ ፈተና ላይ ነው። በአንዱ መስመር ፍሰት የለም፣ ዜሮ። በቁፋሮ ቱቦው ላይ ግን 97 ባር አካባቢ ቆሟል። ሁለቱም ከዚያው ጉድጓድ ጋር የተገናኙ ናቸውና አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። በሪጉ ላይ የነበሩት ለ97ቱ ሌላ ምክንያት አገኙለትና ፈተናው አለፈ አሉ። ጉድጓዱ የፈነዳው የዚያኑ ቀን ማታ ነው። ሁለት ጌጅ ሲጣሉ የሚጥማችሁን አትምረጡ፣ ሥራ አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ።

በቀስታ ለሚያፈስሱ አሮጌ ጉድጓዶች

ሁሉም አይፈነዳም። ብዙው የተጣለ ጉድጓድ ነው፣ ዓመታት እየዘለቀ ጠብ የሚል። በ2004 ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ባመጣው የባሕር ሥር ናዳ ሉዊዚያና አጠገብ ባሕር ላይ የቆመ አንድ የነዳጅ ማውጫ መድረክ ወደቀ፤ ከዚያ ይፈስ የነበረው ነዳጅ ተይዞ መሰብሰብ የጀመረው በ2019 ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የውስጡን ቱቦ አውጡ። ከሚያፈሰው ቦታ በታች መዝጊያ አስቀምጡ። ነዳጁ በኬሲንጉ ጀርባ የሚመጣ ከሆነ ውስጡን ብቻ መሙላት ምንም ዋጋ የለውም፣ ኬሲንጉን በትንንሽ ፈንጂ ብሱትና ቀጠን ያለ ሲሚንቶ በግፊት ወደ ጀርባው አስገቡ። ጠብቁ፣ ፈትኑ፣ ከላይ ሌላ ሲሚንቶ ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ኬሲንጉ ከአፈሩ በታች ይቆረጥና የጉድጓዱ መለያ የተጻፈበት ብረት ይበየድበታል።

ከመበየዳችሁ በፊት ግን የአረፋ ፈተናውን አትዝለሉ። ከውጭኛው ኬሲንግ መተንፈሻ ላይ ቀጭን ጎማ አስሩ፣ ጫፉን በኩባያ ውኃ ውስጥ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ አስገቡ፣ 10 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እዩ። አረፋ ከወጣ ብየዳው ይቅር፣ ወደ ሲሚንቶው ተመለሱ።